የአትማን ሼ ምላስ

«ሦስት መቶ ሰው! ነገ የኸትሙን ምሳ ለሦስት መቶ ሰው እኔ ነኝ የማበላው ብሏል እኮ ጧሊብ!» አሉ ቢ ዙሁራ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነው፤ የቢ ዙሁራ ሹክሹክታ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አያንስም። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ። «የፒላው ሩዝ በፍየል ሥጋ። ከዚያ ደግሞ ወንድሜ ይወደው የነበረውን ፕዌዛ በኮኮናት፣ አንድ ትልቅ ድስት። ከገዛ ምግብ ቤቱ፣ በገዛ መኪናው!»

ሳልሜ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያለው ሻይ ሳትነካው ቀዝቅዟል።

«በምላሹ ምን ፈልገው ነው፣ አክስቴ?»

«አንቺ ልጅ! ለቅሶ ቤት ምሳ የሚልክ ሰው ምን ይፈልጋል? ጀነትን ነዋ!»

«ብዋና ጧሊብ ጀነት ካማራቸው መንገዱ በእኛ በር አያልፍም።»

ከወዲያ ጥግ አንዷ ሳቅ አመለጣትና በካንጋ ነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ቢ ዙሁራ ግን አልሳቁም። የወንድማቸውን ልጅ ትክ ብለው አዩና «ምላስሽ የአባትሽ ምላስ ነው» አሉ። ስድብ መሆኑ ነበር። ከእውነቱ ጋር ምን ያህል እንደተቀራረቡ ግን ራሳቸውም አላወቁም።

አባቷ አትማን ሼ የሞቱት ትናንት ጠዋት ነው። ሞምባሳ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከደጃፋቸው ካለው የድንጋይ መደብ ላይ እንደወትሯቸው ተቀምጠው፣ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ይዞ ከሚዞረው ቡና ሻጭ አንድ ሲኒ ተቀብለው፣ ሳይጨርሱት ወደ ጎን ዘንበል አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ ከደጅ በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ቁርኣን ይቀራሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሲፈጽሙት ኸትሙ ይሆናል፤ ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ሦስቱ ቀን እስኪያልቅ በሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድ የሚበላው ጎረቤት ያመጣው ነው። ሳልሜ ግን እህል በአፏ ከዞረ ሁለተኛ ቀኗ ነው። የቀመሰችው ሁሉ አመድ አመድ ይላታል። ይህ ደግሞ ከሐዘኑ ሌላ፣ ለማንም ያልነገረችው ፍርሃት ሆኖባታል።

አባቷን አገር የሚያውቃቸው በሁለት ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ወደብ ላይ ጭነት ቆጥረዋል፤ በልተውም ጽፈዋል። የዕረፍት ቀናቸው በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና፣ በባለ ሸራ ጀልባ፣ ሲቸግር በእግራቸው፣ ከላሙ እስከ ኪልዋ ያለውን የባሕር ዳርቻ እየዞሩ ይበላሉ። የሹፌሮች ማቆሚያ ቢሆን፣ የዓሣ አጥማጆች ዳስ ቢሆን፣ የባቡር ጣቢያ ጓዳ ቢሆን ያልተቀመጡበት በርጩማ የለም። ከዚያ ይመለሱና መንገደኛ የት ደርሶ ምን እንደሚበላ፣ ቢርበው እንኳ የቱ ደጅ እንደማይረገጥ ይጽፋሉ። እመጣለሁ ብለው አስቀድመው አይናገሩም፤ በግብዣም አይበሉም። ሦስቱን መጻሕፍታቸውን የአገሩ ሹፌር ሁሉ ከመሪው አጠገብ ይዞ ይዞራል። አራተኛው ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበር፣ ሞት ቀደመ።

እኩለ ቀን ላይ ጠይም፣ ጎበጥ ያሉ ሴትዮ ገብተው ከበሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት ቦታ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። ቢ ቲማ ነበሩ። ከሊኮኒ መሻገሪያ አጠገብ፣ ሰው ጀልባውን ከሚጠብቅበት ቦታ፣ ጠዋት ጠዋት የእርግብ አተር በኮኮናት የሚሸጡ።

«ወይ ድፍረት!» አለች አንዷ።

«ማን ናት?»

«አታውቂያትም? ቁርሱን በየቀኑ እሷ ጋ ነበር እኮ የሚበላው። የገዛ ልጁ ቤት ቁጭ ብላ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለአተር ብቻ የሚመላለስ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አስተግፊሩላህ በይ! ሰውየው አፈሩ አልደረቀም።»

«እኔ ምን አልኩ? አተር ነው ያልኩት።»

ሳልሜ ተነሣች። ቢ ቲማን ክንዳቸውን ይዛ «ወደ ውስጥ ይግቡ፣ እናቴ» አለቻቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ልጄ። ጫማም ጠባቂ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ሁለት ሆነን እንጠብቃለን» አለችና ሳልሜ ከጫማው መሐል ቁጭ አለች። የሟች ልጅ፣ አንዲት ልጅ፣ ከጫማ መሐል! ቢ ዙሁራ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ።

*

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጾም ከተፈታ በሦስተኛው ቀን ነው። ሳልሜ ከባሏ ተለያይታ አባቷ ቤት ከተመለሰች ዓመት ሆኗታል፤ በልብስ ስፌቷ ትተዳደራለች። ጠዋት ሻይ አቀረበች። አባቷ ጋዜጣ እያነበቡ፣ ሳያዩ፣ ከስኳሩ ይልቅ የጨውን ዕቃ ሳቡ። ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመሩ። አማሰሉ። ልትናገር አፏን ስትከፍት አንሥተው ጠጡ።

ፊታቸው አልተለወጠም። ደገሙት።

«አባባ» አለች።

«አቤት።»

«ሻዩ እንዴት ነው?»

«ምን ይሆናል፣ ግሩም ነው።»

ሳልሜ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወስዳ ቀመሰችና ወደ ደጅ ተፋችው። አትማን ሼ የጨውን ዕቃ አዩት፤ ልጃቸውን አዩ፤ ጋዜጣውን አጣጠፉ። ምግብ ቀርቦ ዝም ብለው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በረመዷን ያን ትኩሳት ከያዘኝ ወዲህ። መጀመሪያ ሽታው ሄደ። ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ጣዕሙም ተከትሎት ሄደ።» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ሳል ሆነባቸው። «አርባ ዓመት በምላሱ የኖረ ሰው፣ አሁን ምን እበላለሁ መሰለሽ? ሙቀት። ሙቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ለስላሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ጨለማ።»

«ሐኪም አየህ?»

«ሐኪሙ ‹ሽማግሌ ነህ፣ ዓይንህ አለልህ አይደል?› አለኝ።»

ከዚያ ልጅ ሳለች ከወደብ ሲመለሱ ምስጢር እንደሚነግሯት ሆነው ወደ ጆሮዋ ቀረቡ። «ሳልሜ፣ አንድ መጽሐፍ ይቀረኛል። መጻፍ ያለብኝ መጽሐፍ ነው። ምላስሽን አውሺኝ።»

እንዲህ ነው የጀመረው። አባትና ልጅ በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ታንጋ፣ ፓንጋኒ፣ ላሙ። አንድ ሳህን ያዝዛሉ። እሷ ትቀምሳለች፤ እሳቸው ይጠይቃሉ።

«እ?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ጥሩ ጣዕም አይደለም። መጀመሪያ ምን መጣ? ኋላስ ምን ቀረ?»

«መጀመሪያ… ዝንጅብል። ኋላ ደግሞ ኮኮናቱ ይመጣል።»

«የመጀመሪያው ጭማቂ ነው ሁለተኛው? ወፍራሙ ነው ቀጭኑ?»

«እኔ በምን ላውቅ!»

«ታውቂያለሽ። አፍሽ ያውቃል፤ አንቺ ነሽ የማትሰሚው። እንደገና።»

የባሏ እናት «ምግብ ላይ እንከን የምታወጣ ምራት» ብለው ነበር ያባረሯት። ያ እንከን አሁን ሥራ ሆነ። በስድስተኛው ወር ሳልሜ ዓይኗን ጨፍና ሄሉ ዘንድሮ የተለቀመ ይሁን አምና፣ ዓሣው ጠዋት የተያዘ ይሁን ትናንት፣ ትለየው ጀመር። አባቷ የምትለውን ቃል በቃል ይጽፋሉ። አንዳንዴ እጃቸውን ከወረቀቱ አንሥተው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ እሷ ያለችውን ጣዕም በማስታወስ ብቻ ሲያጣጥሙ ታያቸዋለች። ያን ጊዜ ፊቷን ታዞራለች።

የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ሩቅ መንገድ አልጠየቃቸውም። ሁለት ሳህን ነበር የቀመሰችው፤ አንዱን ከጧሊብ ትልቅ ምግብ ቤት፣ ሌላውን ከቢ ቲማ ዳስ። ሁለቱም ፕዌዛ በኮኮናት ነው። ፕዌዛ ያ ስምንት ክንድ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ላላወቀበት ጎማ ይሆናል፣ ላወቀበት ቅቤ።

«አሁን ስሚኝ» አሏት በዚያ ቀን፣ መሻገሪያው ጀልባ ከፊታቸው ሰው እየጫነ። «የመጀመሪያውን መጽሐፌን ስጽፍ ጧሊብ ቤት ፕዌዛ በላሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አልበላሁም። ‹ይህን የሠሩ የጧሊብ እጆች ይባረኩ› ብዬ ጻፍኩ። ገጹን በመስታወት አስገብቶ በሩ ላይ ሰቀለው። እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። አገር ምድሩ ለዚያ ሳህን ጎረፈ።»

«አውቃለሁ።»

«የማታውቂው ይህን ነው። ጧሊብ እሳት ለኩሶ አያውቅም። የሠራችው ቲማ ናት፤ ከእናቷ የተማረችው ነው። ገጹ ከተሰቀለ በኋላ ‹ስሜ ከሥሩ ይጻፍልኝ› አለችው። በዚያው ቀን በጓሮ በር አስወጣት። እኔ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ ‹ማን ነው የሠራው?› ብዬ አልጠየቅኩም። አንድ ጥያቄ፣ ሳልሜ! ይህን ካወቅኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ። ሃያ ዓመት እዚህ በርጩማ ላይ በየጠዋቱ እየተቀመጥኩ ‹ይቅር በይኝ› ለማለት ፈልጌ፣ ‹ጭልፋ ጨምሪልኝ› ብዬ ሄጃለሁ።»

*

ከቀትር በኋላ አታሚው ሂርጂ መጣ። ቀጭን፣ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነው፤ ጣቶቹ መቼም ከቀለም ጠርተው አያውቁም። ከደጅ ቆሞ ሳልሜን አስጠራት።

«አላህ ያጽናሽ፣ ልጄ። በዚህ ቀን ስለ ሥራ ማውራት ነውር ነው፤ ግን ተቸግሬ ነው። የምዕራፉ ወሬ ከሠራተኞቼ አፍ ወጥቶ ኖሮ፣ ብዋና ጧሊብ ትናንት ማታ ቤቴ ሰው ልኮ ‹የመጨረሻውን ምዕራፍ ቤተሰቡ አንሥቶታል፣ ሰባቱን ገጽ አውጣ› አለኝ። አባትሽ ደግሞ ‹ከእኔ በኋላ ቃሉ የሳልሜ ነው› ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ማሽኑን አቁሜ ቃልሽን እጠብቃለሁ።»

ሳልሜ መልስ ሳትሰጥ ጧሊብ ራሳቸው ደረሱ። ነጭ ጀለቢያ፣ በክር የተጠለፈ ኮፍያ፣ ከመላ ሰውነታቸው የሚወጣ የዑድ ሽቱ። ሂርጂ ወደ ጎን ገለል አለ።

«ልጄ ሳልሜ» አሉ፣ «አባትሽ ወንድሜ ነበር። ከአሮጌው ወደብ ግንብ ላይ አብረን ወደ ባሕር እየዘለልን ነው ያደግነው። ለኸትሙ የምችለውን አደርጋለሁ። አንቺም ስሙን ጠብቂለት። ሰው ሲያረጅ ያልሆነ ነገር ይጽፋል፤ ልጅ ደግሞ የአባቷን ገበና ትሸፍናለች።»

«የትኛውን ገበና?»

«ምላሱ እንደሞተ የማላውቅ መስሎሻል?» ድምፃቸው እንደ ማር ነበር። «ተኳርፈን መክረማችንን ታውቂያለሽ፤ ባለፈው ዓመት እርቅ ብዬ ጠራሁት። ብቻውን መጣ። አንድም ጨው ያልነካው ፕዌዛ አቀረብኩለት፤ ሆን ብዬ። ጠርጎ በላ። ‹እጅህ ይባረክ› አለኝ። ይህን ነገር ሰው ቢሰማ ከአራቱ መጻሕፍት የቱ ይነበባል? እኔ መናገር አልፈልግም። አታናግሪኝ።»

ሳልሜ ያን ቀን አስታወሰችው። አባቷ አምሽተው መጥተው፣ «ጧሊብ እርቅ አወረደ» ብለው እንደ ሕፃን ተደስተው ነበር። ቢ ዙሁራ ከኋላዋ መጥተው «እሺ በይ፣ ልጄ። ሰባት ገጽ ምንድን ነው? ወረቀት ነው። ሦስት መቶ ሰው ባዶ ሆዱን ከደጃችን ሊመለስብን ነው?» እያሉ ክንዷን ቆነጠጧት።

«ነገ ይምጡ» አለች ሳልሜ።

ጧሊብ ፈገግ አሉ። እሺ ያለች መስሏቸው ነበር።

*

በሦስተኛው ቀን ቁርኣኑ ከተፈጸመ በኋላ፣ ጠባቡ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ሞልቶ ሳለ መኪናው ደረሰ። ከኋላው አምስት ትልልቅ ድስት። የፒላው ሽታ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ቀና ቀና አለ። ጧሊብ ወደ በሩ ቀርበው፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣

«ቃልሽን ስጪኝ፣ ድስቱ ይውረድ» አሏት።

«ምዕራፉ ይታተማል። ድስቱ የሚወርደው ለአባቴ ነፍስ ከሆነ ይውረድ። ለሰባቱ ገጽ ከሆነ ግን ይመለስ።»

ጧሊብ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ወንድሞቼ! በሟች ላይ መናገር ሐራም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስሜ ነው፤ እንጀራዬ ነው። አትማን በመጨረሻው መጽሐፉ ቤቴን አርክሷል። ሰውየው ጣዕም አያውቅም ነበር! ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ እንደ እንጨት ነበር! ጨው የሌለው ምግብ እኔው ራሴ አብልቼዋለሁ። አላወቀም! ማየት የተሳነው ሰው ስለ ቀለም ቢመሰክር ትቀበላላችሁ?»

ጉምጉምታው ከመደብ ወደ መደብ ተላለፈ። «እውነት ነው እንዴ?» «ሁለት ዓመት?» «የላሙውን ያነበብኩት… እሱም ውሸት ነው?» ከሹፌሮቹ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

በዚያ አገር ሴት ወጥታ በወንዶች ምንጣፍ ላይ አትቆምም፤ በለቅሶ ቀን ደግሞ ጭራሽ። ሳልሜ ደፉን ተሻገረች። ጫማም አላደረገችም።

«እውነታቸውን ነው!» አለች። «አባቴ ሁለት ዓመት ምንም አልቀመሰም። ደብቆታል፤ አፍሮበት ነው። የቀመስኩት እኔ ነኝ። ከታንጋ እስከ ላሙ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ። ቃሉ የሱ ነው፣ ምላሱ የእኔ ነው። ይህም መጽሐፉ ውስጥ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ሂርጂ አለ፣ ጠይቁት።»

«ተጽፏል» አለ ሂርጂ፣ ቀለም የነካው እጁን አንሥቶ።

ጧሊብ ሳቁ። «እሰይ! ባሏ ቤት አላበስል ብላ የተባረረች ሴት ምላስ!»

የሳቀም ነበር። የሳልሜ ፊት ቀላ፤ ግን አልተመለሰችም። ወደ መኪናው ሄደች። እዚያ የጧሊብ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ሐምዛ፣ ሽበት የወረሰው ሰው፣ ጭልፋ ይዞ ቆሟል።

«ሐምዛ፣ የፕዌዛውን ድስት ክፈት።»

ሐምዛ ጌታውን አየ። ጧሊብ በእጃቸው «ክፈትላት» አሉ።

ያቺን ቅጽበት ሳልሜ በኋላም አትረሳትም። ጭልፋውን ከሐምዛ ተቀብላ ወደ አፏ አቀረበች። ሁለት ቀን ሙሉ አመድ ብቻ ነው የቀመሰችው። ምላሴ ከአባቴ ጋር ተቀብሮ ቢሆንስ? አለች በልቧ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጎረሰች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ሙቀት። ልስላሴ። ከዚያ ወዲያ ጨለማ።

*እንደገና፤ አፍሽ ያውቃል።*

ከዚያ ቀስ እያለ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው፣ አንድ በአንድ መጣ።

«ፕዌዛው ባሕር ከለቀቀ ሳምንት ያልፈዋል» አለች፣ ዓይኗን ሳትከፍት። «በረዶ ቤት ነው የከረመው። አልተቀጠቀጠም፤ እንዲለሰልስ ጥሬ ፓፓያ ነው የገባበት፤ ሥጋው ለዚህ ነው ዱቄት ዱቄት የሚለው። ኮኮናቱ አልተፋቀም፣ የቆርቆሮ ነው፤ መጨረሻ ላይ ምላስ ጠርዝ ላይ ይቀራል። እንዲኮመጥጥ ሁመር መግባት ነበረበት፤ ኮምጣጤ ነው የገባው።» ዓይኗን ከፈተችና ወደ ጧሊብ ዞረች። «ጨዉ ግን አለ። ዛሬስ አልረሱትም።»

ሁሉም ሐምዛን አየ። ሐምዛ ጭልፋውን ተቀብሏት፣ በእጁ ላይ አገላበጠው።

«ፓፓያውን የላጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ቆርቆሮውንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ሐምዛ!» አሉ ጧሊብ።

«ብዋና፣ ነገ ያባርሩኝ። ከለቅሶ ደጅ ቆሜ ግን አልዋሽም።» ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ይህ ምግብ የቢ ቲማ ነው። እኔ ከሷ ጎን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ያየሁት፤ ግማሹን አየሁ፣ ግማሹን ረሳሁ። የጎደለው ይኸው ነው።»

ሳልሜ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አባቴ የጻፈው ስድብ አይደለም። ስለ ብዋና ጧሊብ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፈው። ሰባቱ ገጽ ስለ ራሱ ነው። ‹አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ በመቅረቴ የአንዲት ሴት ስም ከገዛ ድስቷ ላይ ጠፋ› ይላል። ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሞተው። እኔ የአባቴን ይቅርታ በፒላው አልሸጥም! ሂርጂ፣ ማሽኑን አስነሣ።»

ሂርጂ ኮፍያውን ነካ አድርጎ በሰዉ መሐል ሾልኮ ሄደ።

ጧሊብ በጣታቸው ምልክት ሰጡ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ አምስቱ ድስት ከነክዳናቸው ተመለሱ። ከወንዶቹም ብዙው፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ፣ አንዳንዱ ርቦት፣ ተነሥቶ ተከተለ። መንገዱ ሳሳ። የፒላው ሽታ ግን ከመኪናው በኋላም ቆየ፣ እንደ ስድብ።

ሳልሜ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ቢ ዙሁራ መሐል ቤት ቆመው እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። «አዋረድሽን» አሏት። «ወንድሜን በባዶ ማዕድ ሸኘሽው። መቶ ሃምሳ ሰው አሁንም ደጅ ተቀምጧል፤ ምን ልታበያቸው ነው? ገጽ?»

ከጫማዎቹ መሐል ድምፅ ተሰማ።

«ለነገ ጠዋት የነከርኩት አተር አለ» አሉ ቢ ቲማ፣ እንደ ማፈር ብለው። «ለመቶ ሰው ይሆናል። ቀጠን ብናደርገው ለመቶ ሃምሳም… ብቻ ኮኮናት የለኝም። ምድጃዬም ወዲያ ማዶ ነው፤ እዚህ ደግሞ እሳት አይነድም።»

ቢ ዙሁራ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ቢ ቲማን አዩ፤ ምናልባት በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደህና አድርገው። የኮኮናት መፋቂያ የበላውን፣ ጠባሳ የሞላውን እጃቸውን አዩ።

«እዚህ ቤት ነው እሳት የማይነደው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ያ ሹክሹክታ የማያውቀው ጉሮሯቸው ተከፈተ። «ፋጡማ! ምድጃሽን ለኩሺ! ሩኪያ፣ አንቺም! ኮኮናት ያላት ኮኮናት ታምጣ፣ የሌላት እጇን ታምጣ! ምን ትጎለታላችሁ፣ ወንድሜ እንግዳ አለበት!»

ያ ሰፈር እንደዚያ ቀን ተራውጦ አያውቅም። አተሩ በመሻገሪያው ጀልባ፣ በሹፌሮቹ ትከሻ መጣ። በአምስት ጎረቤት ምድጃ ላይ ተጣደ። ትናንት በአተሩ ያማቻቸው ሴት ሰባት ኮኮናት ፋቀች፤ ቢ ቲማ ከኋላዋ ቆመው «ከነጩ በታች አትውረጂ፣ ቡናማው ይመራል» እያሉ ያርሟታል፤ እሷም «እሺ፣ እናቴ» ትላለች። ሐምዛ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ምሳው የወጣው ለዐስር ሶላት ጥቂት ሲቀረው ነው። ከጧሊብ ጋር ከሄዱት ተመልሰው የመጡ ነበሩ፤ ያልተመለሱም ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ሳልሜን በመንገድ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ደጅ የቀሩት ግን በሉ። አንድ አሮጌ ሹፌር ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ «አትማን ቢኖር ይህን በስንተኛው ገጽ ያገባው ነበር?» ሲል ሰዉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ውስጥ ሴቶቹ ማዕዱን ከበቡ። ቢ ዙሁራ ከራሳቸው ጎን ቦታ ለቀቁና ምንጣፉን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ቢ ቲማ መጥተው ተቀመጡ።

ሳልሜ የእጅ ማስታጠቢያውን፣ ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን፣ አንሥታ ከፊታቸው ተንበረከከች። ቢ ቲማ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ አባቷ በሌላ ሰው ስም ‹ይባረኩ› ብለው የጻፉላቸውን እጆች። ውኃው በጠባሳዎቹ ላይ፣ በጣቶቹ መሐል፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ኮኮናቱ ከጥፍሮቹ ሥር እየታጠበ ሳህኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ። ውኃው ቀጠነ፤ ጠብ ጠብ አለ፤ አለቀ። ሳልሜ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለች ቀረች። ቢ ቲማም እጃቸውን አልሰበሰቡም።